ትንሿ “ኤ”

ሰው በአስተርጓሚነት ማገልገል ሲጀምር የሚፈራው ትልልቆቹን ቃላት ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ከውጭ የመጣ ሰባኪ ሊያስተምር ነው በተባለ ቁጥር ቅዳሜ ማታ ቁጭ ብዬ ጽድቅ፣ ቤዛነት፣ ማስታረቅ የሚሉት በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባሉ እያወጣሁ ደብተሬ ላይ አሰፍር ነበር። ጌታ ይመስገን፣ እነዚህ አንድ ቀን እንኳ አላሳፈሩኝም። ያሳፈሩኝ ማንም መዝገበ ቃላት ገልጦ የማይፈልጋቸው ጥቃቅኖቹ ናቸው። ፊው፣ ሊትል፣ ኳይት፣ ሃርድሊ፤ መጠንን፣ ይልቁንም ማነስን የሚናገሩት።

የመጀመሪያው እፍረት የደረሰብኝ እሑድ ጠዋት በጉባኤ ፊት ነው። እንግዳው በዕድሜ የገፉ፣ ደግ ሰው ነበሩ። ባለፈው ዓመት እዚሁ መጥተው ሲያስተምሩ ያዩትን እያነሡ “ኳይት ኤ ፊው” ወጣቶች ለጸሎት ወደ ፊት ወጥተው እንደነበር ተናገሩ። እኔም ሳላመነታ “በጣም ጥቂት ወጣቶች ነበሩ ወደ ፊት የወጡት” አልኩ። “ኳይት” በጣም፣ “ኤ ፊው” ጥቂት፤ ሒሳቡ ልክ ነው። እንግዳው ፈገግ ብለው “ሃሌ ሉያ” እስኪባል ይጠብቃሉ፤ ጉባኤው ጭጭ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠው የወጣቶች መሪያችን አንገቱን ደፋ። እንግዳው ያልተሰማላቸው መስሏቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያንኑ ደገሙት። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ ያንኑ ስሕተት ደገምኩት።

ከአምልኮ በኋላ ውጭ አገር የኖረ አንድ ወንድም ወደ ጎን ጠራኝና “ኳይት ኤ ፊው ማለት'ኮ ብዙ ማለት ነው” አለኝ። ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ቤቴ ስገባ ግን ተናደድኩ። “ብዙ” ለማለት “በጣም ጥቂት” የሚል ሕዝብ ምን ዓይነት ሕዝብ ነው? የወጣቶቹን መሪ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ሳምንቱን ሙሉ “የዘራነው የት ገባ?” እያለ ሲጨነቅ ሰንብቶ ኖሯል።

ሁለተኛው ግን አያስቅም። እስከ ዛሬም ለሰው ስናገረው ድምፄ ይለወጣል።

በ2009 ዓ.ም. ክረምት ነው። የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቴን ጨርሼ ለዕረፍት ወደ ቤት ተመልሻለሁ። አቃቂ አካባቢ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ለአንድ ሳምንት ነፃ ሕክምና ይሰጥ ስለነበር፣ እንግሊዝኛ የምንሞክር ወጣቶች እንድናስተረጉም ተጠየቅን። ግቢው ውስጥ ሦስት ድንኳን ተተክሏል። ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል፤ ሰዉ ከንጋቱ ጀምሮ ጃንጥላ ያለው ጃንጥላ ዘርግቶ፣ የሌለው ፌስታል ራሱ ላይ አድርጎ ተሰልፏል። እኔ የተመደብኩት ሕፃናትን ከምታይ አንዲት የውጭ አገር ዶክተር ጋር ነበር። አጠገባችን ጡረታ የወጡ አንዲት ሲስተር ክብደትና ሙቀት ይለካሉ። ሲስተሯ ከዶክተሯ ጋር ሲነጋገሩ እንግሊዝኛቸው የተሰባበረ ነበር፤ እውነቱን ልናገርና፣ በልቤ ስስቅባቸው ነው የሰነበትኩት።

በሦስተኛው ቀን፣ ለምሳ ልንነሣ ስንል፣ አንዲት ወጣት እናት ሁለት ወር ያልሞላው ልጇን በጋቢ ጠቅልላ ገባች። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይርቅም። ልጁ አያለቅስም። ያን ጊዜ ይህን እንደ ጥሩ ነገር ቆጠርኩት፤ ከጠዋት ጀምሮ የሕፃናት ጩኸት አደንቁሮኝ ነበርና።

ዶክተሯ ልጁ ጡት ይጠባ እንደሆነ እንድጠይቅ ነገረችኝ። ጠየቅኩ። እናቲቱ “ትንሽ ትንሽ ቢጠባ ነው እንጂ፣ እኅቴ፣ ብዙም አይጠባም” አለችኝ። እኔ ወደ ዶክተሯ ዞሬ “ሂ ፊድስ ኤ ሊትል” አልኩ።

ዶክተሯ ራሷን ነቀነቀችና ካርዱ ላይ ጻፈች። ከዚያ ስለ ሳል ጠየቀች፤ ሳል የለውም። ስለ ተቅማጥ ጠየቀች፤ የለውም። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ዝናቡ ይዘንባል፣ ሁላችንም ርቦናል። ነገሩ እንዲያው ሊያልፍ ነበር።

“ቆይ” አሉ ሲስተሯ። ሚዛኑን ትተው ወደ እኛ መጡ። “ምን ብለሽ ነው የነገርሻት?”

“ትንሽ ይጠባል ብዬ።”

“ሴትየዋ እንደዚያ አላለችም” አሉኝና ወደ ዶክተሯ ዞረው፣ በዚያው በተሰባበረው እንግሊዝኛቸው፣ “ዶክተር፣ ቤቢ ሃርድሊ ፊድ” አሉ።

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከትናንት ማታ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደጠባ አስጠየቀች። ሁለት ጊዜ፤ እሱንም ጡቱን አፉ ውስጥ አድርጎ ወዲያው እንቅልፍ ይወስደዋል። ጋቢውን ገለጠች፤ እርግብግቢቱን በጣቷ ዳሰሰች፤ እግሩን ነካ ነካ አደረገች፤ ልጁ እንደ ወጉ አልተቆጣም። ከዚያ በኋላ ማንም እኔን አልጠበቀም። ሲስተሯ እናቲቱን ደግፈው ወደ መኪና ወሰዷት፤ ሹፌሩ ከምሳው ላይ ተነሣ። ለጨቅላ ሕፃን ጡት አለመጥባት ወይም በደንብ አለመጥባት የአደጋ ምልክት እንደሆነ፣ የጤና ባለሙያ ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀውም ስለዚህ እንደሆነ የተረዳሁት ያን ዕለት ማታ ነው። ልጁ በሆስፒታል የኢንፌክሽን መድኃኒት በመርፌ ሲሰጠው ሰንብቶ ከሳምንት በላይ ቆይቶ ወጣ። ድኗል። ይህን የነገሩኝ ሲስተሯ ናቸው፤ ስልክ ደውለው፣ “እንድትተኚ ብዬ ነው” አሉኝ።

የሚገርማችሁ ነገር፣ ሕጉን አውቀው ነበር። ማንኛችሁም ታውቁታላችሁ። “ፊው” እና “ኤ ፊው” ለሚቆጠር፣ “ሊትል” እና “ኤ ሊትል” ለማይቆጠር፤ “ኤ” ካለች አለ፣ “ኤ” ከሌለች የለም ማለት ይቀርባል። በትምህርት ቤት ባዶ ቦታ ሙሉ ተብለን ስንፈተን ሙሉ ያመጣሁበት ጥያቄ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን አንዱን ወይም ሌላውን እንድመርጥ ነጥብ የሚሰጠኝ መምህር እንጂ ጋቢ ውስጥ የተጠቀለለ ሕፃን አልነበረም።

ሲስተሯ በማግስቱ ሻይ እየጠጣን የነገሩኝን እስከ ዛሬ ከየትኛውም የሰዋስው መጽሐፍ አላገኘሁትም። “የሴትየዋ ንግግር በምን አለቀ?” አሉኝ። “በአይጠባም” አልኩ። “አንቺስ በምን ጨረስሽው?” ዝም አልኩ። “በይጠባል ጨረስሽው። ‘ትንሽ’ን ሰምተሽ ሮጥሽ፤ ግሱን አልጠበቅሽም።”

ከዚያ ወዲህ ሰው ሲናገር መጨረሻውን መጠበቅ ለመድኩ። እስቲ እናንተም ሞክሩት። የእኛ “ትንሽ” ብቻዋን ምንም አትፈርድም። “ትንሽ ገንዘብ አለኝ” ሲል ሰውዬው ሻይ ሊጋብዛችሁ ነው። “ከትንሽ በቀር የለኝም” ሲል ደግሞ ሊለምናችሁ ነው። ገንዘቡ ያው ሃምሳ ብር ሊሆን ይችላል። ፍርዱ ያለው መጨረሻ ላይ፣ “አለኝ” ወይም “የለኝም” በሚለው ላይ ነው። “እምብዛም” እና “ብዙም” የሚሉት ቃሎቻችንማ በንግግራችን የሚሄዱት ከአሉታ ግስ ጋር ነው፤ “እምብዛም አይመጣም” እንላለን እንጂ “እምብዛም ይመጣል” አንልም። ስለዚህ አማርኛ ሰሚውን ትዕግሥት ያስተምረዋል።

እንግሊዝኛው ግን ፍርዱን ቀድሞ፣ ከስሙ በፊት፣ በአንዲት ፊደል ያስቀምጠዋል። እሷም ብትሆን በንግግር ጊዜ “ኤ” ተብላ አትነበብም፤ “እ” የምትመስል ትንፋሽ ናት፣ በሁለት ቃል መካከል ተውጣ የምትቀር። ሆኖም እሷ ስትኖር ያለው ነገር ይቆጠራል፤ እሷ ስትቀር የጎደለው ይቆጠራል። “ኦንሊ” ከፊቷ ሲገባ ደግሞ ፊቷን መልሳ ወደ ማነሱ ታዞራለች። “ኳይት” ሲገባ፣ እኔን በጉባኤ ፊት እንዳዋረደኝ፣ ወደ ብዙ ትዘላለች። “ሃርድሊ” ከሁሉም የባሰ ነው፤ መልኩ አዎንታ፣ ልቡ አሉታ። ሲስተሯ ሰዋስው ጎድሏቸው ይህን አንድ ቃል ግን በቦታው አስቀመጡት። እኔ ሰዋስው አልጎደለኝም ነበር።

በዚያ ሳምንት ሌላም ነገር አስተውያለሁ፤ እሱ ደግሞ ከእንግሊዝኛው ይልቅ የእኛ ጉዳይ ነው። ሰዎቻችን ሕመማቸውን ያሳንሳሉ። አንድ አባት ጉልበታቸው አብጦ፣ ላባቸው በግንባራቸው እየወረደ፣ “ተመስገን ነው፣ ትንሽ ነው የሚያመኝ” ይላሉ። ዶክተር ፊት ማጋነን ነውር ነው፤ እግዚአብሔርን ማማረርም ይመስላል። ይህን “ትንሽ” እንደ ወረደ “ኤ ሊትል” ብዬ ባቀብል ቃሉን አስተላልፌ ሰውየውን አስቀረሁት ማለት ነው። ሲስተሯ እንደዚህ ዓይነቱን ሲሰሙ በመጀመሪያ የተባለውን በቃሉ ይናገሩና ከዚያ “ባት ሉክ ሂስ ፌስ” ይላሉ፤ ፊታቸውን ግን እይው። ዶክተሯ ቀና ብላ ታያለች። ከሙያው ደንብ አንጻር አስተርጓሚ የራሱን አይጨምርም ይባላል፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ። ቢሆንም ሲስተሯን የምቃወምበት አንደበት የለኝም።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ መጽሐፍ ቅዱስን በሁለቱ ቋንቋ ጎን ለጎን ማንበብ ጀመርኩ። ለጥናት ብዬ ሳይሆን፣ እንደ ተቀጣ ልጅ፣ ትንንሾቹን ቃላት ለመልቀም። ማቴዎስ 9፥37 ላይ ጌታ ስለ መከሩ ሠራተኞች ሲናገር፣ ማርቆስ 8፥7 ላይ ደግሞ ስለ ትንንሾቹ ዓሦች ሲነገር፣ አማርኛው በሁለቱም ቦታ “ጥቂት” በሚለው ቃል ይጠቀማል። እንግሊዝኛው ግን ሠራተኞቹን “ፊው” ይላቸዋል፤ ዓሦቹን “ኤ ፊው”። ሠራተኞቹ ይጎድላሉ፤ ስለዚህ ጸልዩ ይባላል። ዓሦቹ ግን ያን ያህል ሕዝብ ፊት ለፊት ተቀምጦ እያለ እንኳ “አሉ” ተብለው ይቆጠራሉ፤ ተባርከውም ይታደላሉ። ይህን ልዩነት በአማርኛው ሳነብ ከታሪኩ አገኘው ነበር እንጂ ከቃሉ አላገኘውም ነበር።

የሰራፕታዋ መበለት ግን ከሁሉም በላይ አቆየችኝ። 1ኛ ነገሥት 17፥12 ላይ ኤልያስ ቁራሽ እንጀራ ሲጠይቃት የምትመልሰውን ታውቁታላችሁ። በአማርኛው ዱቄቱና ጥቂቱ ዘይት ቀድመው ይመጡና “በቀር” ተብሎ ዓረፍተ ነገሩ “የለኝም” ላይ ይወድቃል። በእንግሊዝኛው እንጀራ እንደሌላት አስቀድማ ትናገርና እፍኙ ዱቄትና “ኤ ሊትል” ዘይት ከኋላ ይመጣሉ። ያው ሴት፣ ያው ማድጋ። አማርኛዋን ሳነብ የአቃቂዋ እናት ድምፅ ይሰማኛል፤ “ትንሽ ቢጠባ ነው እንጂ” ያለችው። እንግሊዝኛውን ሳነብ፣ ልሙት ነው የምትለው ይህቺ ሴት ማድጋዋን ስትገልጽ ያቺን ትንሽ “ኤ” አለመዝለሏ ይገርመኛል። በዕብራይስጡ እንዴት እንደሆነ የሚነግረኝ የሥነ መለኮት ተማሪ ካለ ቡና እጋብዛለሁ።

አሁን ባንክ ቤት ነው የምሠራው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ለወጣቶች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የማስተምረው ከመጽሐፍ ነው፤ ግን እነዚህ ቃላት ጋ ስደርስ መጽሐፉን እዘጋዋለሁ። አንዷ ልጅ አባቷን ልታመሰግን ብላ “ማይ ፋዘር ወርክስ ሃርድሊ” ብላ ጽፋ ነበር፤ አባቴ ሥራ አይወድም እንዳለች ስነግራት ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንድ ሌላ ልጅ “ኳይት ጉድ” ምን ያህል ጥሩ እንደሆነ ጠየቀኝ። አሜሪካዊ ካላችሁ ደስ ይበላችሁ አልኩት፤ እንግሊዛዊ ካላችሁ ግን ብዙ ጊዜ “ደህና ነው፣ ክፉ አይደለም” ማለቱ ነውና ብዙም አትኩሩ። “ሌስ” እና “ፊወር” ላይ ደግሞ ባለቤቶቹ ራሳቸው አልተስማሙም። በእንግሊዝ አገር ቴስኮ የሚባለው ትልቅ ሱፐርማርኬት ለጥቂት ዕቃ ገዢዎች በለየው መክፈያ ላይ የሰቀለው ጽሑፍ “ሌስ” ይሁን “ፊወር” እየተባለ ሲነቀፍ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ሁለቱንም ትቶ “እስከ 10 ዕቃ” በሚል ቀይሮታል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ በጣም ተጽናኑ።

በጥር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት የወጣ ሰሞን ግን ክፍሉ ውስጥ ሳቅ አልነበረም። ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ መሆናቸውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከእኔ ተማሪዎች ስምንቱ ተፈትነው ነበር። ትምህርት እንዳይሰረዝ ብዬ ገባሁና ምን እንደማስተምር ጠፋኝ። ከኋላ አንዱ፣ “ቲቸር፣ ያለፉት ‘ፊው’ ናቸው ‘ኤ ፊው’?” አለ። “ቬሪ ፊው” አለ ሌላው፣ ምሬት ባለው ድምፅ። አንዲት ልጅ ግን “የጎረቤታችን ልጅ አልፋለች፤ ለእነሱ ቤት ‘ኤ ፊው’ ነው” አለች። ተከራከሩ። እኔ አልፈረድኩም፤ ቁጥሩ ያው ስለሆነ የሚፈርደው የተናጋሪው ቦታ ነው።

ክርክሩ ሲበርድ በ“ሊትል” ወይም በ“ኤ ሊትል” አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ አልኳቸው። እየዞርኩ አረምኩ። ስለ ውኃ የጻፈ አለ፤ ስለ ጊዜ የጻፈ አለ። መስኮቱ አጠገብ የሚቀመጠው ዝምተኛ ልጅ፣ ከስምንቱ አንዱ፣ “አይ ሃቭ ሊትል ሆፕ” ብሎ ጽፏል።

ቀይ እስክሪብቶዬን አነሣሁ። ጎንበስ ብዬ በቀስታ “‘ኤ’ ረስተህ ነው?” አልኩት።

“አልረሳሁም፣ ቲቸር።”

“ታዲያ?”

“ሬሜዲያል የሚገቡት ሲታወቅ አይቼ እነግርሻለሁ” አለኝ፣ ቀና ሳይል። “ለዛሬ ያለ ‘ኤ’ ነው።”

ልጨምርበት እጄ ደርሶ ነበር። ፊደሏ የምትገባበት ቦታም ክፍት ነበር፤ ሰፋ አድርጎ ነው የሚጽፈው። ግን ዓረፍተ ነገሩ ምንም ስሕተት የለበትም። የልክ ምልክት አደረግኩና ደብተሩን መለስኩለት። ትምህርቱ ሲያበቃ ሌሎቹን አሰናብቼ እስከ ታክሲ ተራው ድረስ አብሬው ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ስለ ኳስ አወራን።